የናፍጣ መኪና የነዳጅ ዕቃ በኅብረት ስለ መግዛት

ከበደሌ ወደ መቱ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ያዮ ከአዲስ አበባ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። መኪናው ደኅና በሆነ ጊዜ ይህን ርቀት ልብ የሚለው ሰው የለም። ቡና የጫነ ካሚዮን በኅዳር ወይም በታኅሣሥ ወር የናፍጣ ፖምፓው ወይም ኖዝሉ ተበላሽቶ ሲቆም ግን ርቀቱ በሌላ መለኪያ ይለካል፤ ይኸውም ዕቃው ከአዲስ አበባ እስኪደርስ በሚያልፉት ቀኖች፣ ለሾፌርና ለረዳት በሚከፈለው አበል፣ ከሁሉም ይልቅ ደግሞ ቡናውን በዚህ ቀን አስረክባለሁ ተብሎ ለገዢው በተሰጠው ቃል ነው። ቃሉን በሰዓቱ ያልፈጸመ ነጋዴ በሚመጣው ዓመት የሚጠብቀው ፊት ምን ዐይነት እንደ ሆነ የኢሉባቡር ቡና ነጋዴዎች ያውቁታል።

ይህን ችግር ለማቃለል የመኪና ባለቤቶችና የመለዋወጫ ዕቃ ባለሱቆች ገንዘባቸውን አዋጥተው በኅብረት ቢገዙ ይሻላል የሚል አሳብ በየጋራዡ ይሰማል። አሳቡ ትክክል ነው። ነገር ግን በኅብረት መግዛት ከሩቅ ሲያዩት ቀላል፣ ሲጀምሩት ግን ወዳጅን ከወዳጅ ሊያጣላ የሚችል ሥራ ስለ ሆነ፣ አሠራሩን አስቀድሞ ማጥናት ያስፈልጋል።

ጥቅሙን በቁጥር ለማየት አንድ ምሳሌ ይወሰድ። ዋጋዎቹ ለስሌት እንዲመቹ የተመረጡ እንጂ የገበያ ዋጋዎች አይደሉም። አንድ ባለ ካሚዮን 10 የናፍጣ ፊልትሮ ለመግዛት ራሱ ወደ አዲስ አበባ ቢሄድ፣ የአንዱ ፊልትሮ ዋጋ 1,000 ብር፣ የመንገድና የማደሪያ ወጪው 6,000 ብር ቢሆን፣ በጠቅላላው 16,000 ብር ያወጣል፤ ይህም ማለት እያንዳንዱ ፊልትሮ 1,600 ብር ፈጀበት ማለት ነው። አሁን ደግሞ 12 ሰዎች ሆነው 120 ፊልትሮ ለማምጣት አንድ ሰው ቢልኩ፣ ሻጩም ስለ ብዛቱ በ900 ብር ቢያስቀርላቸው፣ የዕቃው ዋጋ 108,000፣ የተላኪው ወጪ 6,000፣ የጭነቱ ኪራይ 3,600፣ ድምሩ 117,600 ብር ይሆናል። ለአንድ ፊልትሮ 980 ብር ይደርሳል። አንባቢው ልብ ሊለው የሚገባው ነገር፣ ከዳነው 620 ብር ውስጥ ሻጩ የቀነሰው 100 ብር ብቻ መሆኑን ነው። የቀረው 520 ብር የተገኘው የመንገዱ ወጪ ለብዙ ዕቃ ስለ ተከፋፈለ ነው። እንግዲህ በሩቅ አገር ያለ ነጋዴ ዋናውን ትርፍ የሚያገኘው ከሻጭ ጋር ግማሽ ቀን በመከራከር ሳይሆን ከጎረቤቱ ጋር በመስማማት ነው ማለት ይቻላል።

ሰው ሁሉ ዕቁብን ስለሚያውቅ፣ የኅብረት ግዥንም እንደ ዕቁብ አድርጎ ማሰብ ይቀናዋል። በአንድ በኩል እውነት ነው፤ መተማመኑ፣ ዳኛው፣ ጸሐፊው፣ የመዋጫው ቀን ሁሉ ከዕቁብ ሊወሰድ ይችላል። በአንድ ነገር ግን ፈጽሞ ይለያያሉ። በዕቁብ አንዱ ብር ከሌላው ብር አይለይም፤ ዕጣ የደረሰው ሰው ከሚቀበለው ገንዘብ ውስጥ ይህ የእኔ አይደለም የሚለው የለም። ኖዝል ግን ከኖዝል ይለያል። ለአንዱ መኪና የተገዛው ዕቃ ለሌላው ምንም የማይጠቅም ብረት ሊሆን ይችላል። በኅብረት ግዥ ላይ የሚነሣው ጠብ አብዛኛው ከዚህ የሚመነጭ ስለ ሆነ፣ ከገንዘብ መሰብሰብ በፊት የሚመጣው ሥራ ዝርዝር መጻፍ ነው።

ዝርዝሩ የሚጻፈው በመኪናው ስም አይደለም። «የኢሱዙ ኖዝል» ወይም «የሚኒባስ ፊልትሮ» ብሎ የላከ ሰው የሚያገኘው ሻጩ በእጁ ያለውን ነው። ለምሳሌ ቶዮታ ሃይስ በመልክ አንድ መስሎ ሳለ የተለያየ ሞተር ይገጠምለታል፤ 2ኤል፣ 3ኤል ወይም 5ኤል የተባሉት የቀድሞውን ዐይነት የናፍጣ ፖምፓ የያዙ ሲሆኑ፣ 2ኬዲ የተባለው ግን ኮመን ሬል በሚባለው በሌላ ዘዴ የሚሠራ ነው። የአንደኛው ዕቃ በሌላው ላይ አይገባም። ስለዚህ እያንዳንዱ አባል የሞተሩን ዐይነትና ቁጥር፣ የሻንሲውን ቁጥር፣ በፖምፓው ገላ ላይ በተለጠፈው ቆርቆሮ ላይ ያለውን ጽሑፍ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በወጣው በአሮጌው ኖዝል ወይም ፊልትሮ ላይ የተቀረጸውን የዕቃ ቁጥር አንድ በአንድ ገልብጦ ይጽፋል። ቁጥሩን መካኒኩ ቢያነብና ባለቤቱ ቢጽፍ፣ ከዚያም ባለቤቱ አንብቦ መካኒኩ ቢያመሳክር ይመረጣል። ዛሬ በየሰው ኪስ የስልክ ካሜራ ስላለ፣ የቁጥሩን ፎቶግራፍ ከዝርዝሩ ጋር ማያያዝ ገንዘብ የማያስወጣ ማስረጃ ነው። አሮጌው ዕቃም ግዥው እስኪፈጸም ድረስ መጣል የለበትም።

ስለ ሁለቱ ዘዴዎች ልዩነት ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ዋጋቸውም አደጋቸውም እኩል አይደለም። በቀድሞው ዐይነት ሞተር ፖምፓው ናፍጣውን በየተራ ወደየሲሊንደሩ ይገፋል፤ ኖዝሉም ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 250 ባር ባለው ግፊት ተከፍቶ ይረጫል። እንዲህ ያለውን ኖዝል ጥሩ መካኒክ በመሞከሪያ መሣሪያ ላይ አድርጎ አረጫጨቱን በዐይኑ ሊያይ፣ ግፊቱንም ሊያስተካክል ይችላል። በኮመን ሬል ግን ናፍጣው በአንድ ወፍራም ቱቦ ውስጥ ከ1,000 ባር እጅግ በሚበልጥ ግፊት ተጠራቅሞ ይቆይና፣ ኮምፒውተሩ ባዘዘው ቅጽበት ኢንጀክተሩ ተከፍቶ ይረጫል። በዚህ ኢንጀክተር ውስጥ የሚንቀሳቀሱት ብረቶች በመካከላቸው ያለው ክፍተት በሺህ በሚከፈል ሚሊ ሜትር የሚለካ ነው፤ የሰው ጠጉር ከዚያ ክፍተት ብዙ እጥፍ ይወፍራል። ብዙዎቹም ኢንጀክተሮች በላያቸው የመለኪያ ኮድ ተጽፎባቸዋል፤ ይህ ኮድ በመኪናው ኮምፒውተር ካልተመዘገበ አዲሱ ኢንጀክተር ገብቶም ሞተሩ በልኩ ላይሠራ ይችላል። መዝጋቢ መሣሪያ በአቅራቢያ በሌለበት ከተማ እንዲህ ያለውን ዕቃ በብዛት ማስመጣት የማስተዋል ሥራ አይደለም። ለመጀመሪያ ጊዜ በኅብረት የሚገዙ ሰዎች በፊልትሮና በቀድሞው ዐይነት ኖዝል ቢጀምሩ ይበልጥ ይጠቀማሉ።

ደግሞ «ጉልበት የሚጨምር» ተብሎ የሚሸጥ ኖዝልና ፖምፓ አለ። የዴዴሳን ዳገት ጭኖ የሚወጣ ሾፌር ይህን ቃል ሲሰማ ልቡ ቢከፈት አይፈረድበትም። እንዲህ ያለው ዕቃ በውጭ አገር ለውድድር መኪናዎች የሚፈለግ ሲሆን፣ ሥራውም ከተለመደው የበለጠ ነዳጅ ወደ ሞተሩ መላክ ነው። ነገር ግን ነዳጅ ብቻውን አይነድም፤ አየር ይፈልጋል። ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው እንደ በደሌ ባለ ስፍራ ላይ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚህ ስስ አየር ላይ ተጨማሪ ናፍጣ ቢረጭበት፣ ያልነደደው ናፍጣ ጥቁር ጢስ ሆኖ ይወጣል፤ ከዚያም የሞተር ዘይቱን ያቀጥናል። ቱርቦ ባለው ሞተር ላይ ደግሞ ጉልበቱ በርግጥ ይጨምር ይሆናል፤ ነገር ግን ሙቀቱም አብሮ ስለሚጨምር ፒስተንና የሲሊንደር ራስ ይጎዳሉ፤ ለዚያ ጉልበት ያልተሠሩት ፍሪሲዮንና ካምቢዮም ቶሎ ያልቃሉ። በኪሎ ሜትር ሒሳብ የሚኖር የጭነት መኪና የሚያስፈልገው የተሠራበትን ጉልበት ሳይቀነስ መልሶ ማግኘት ነው፤ ይህም በትክክለኛው ኖዝልና በንጹሕ ፊልትሮ ይገኛል። የኅብረቱ ዝርዝር እንዲህ ያለውን የጉልበት ዕቃ ባያስገባ መልካም ነው፤ የሚፈልግ ሰው ለብቻው ይግዛ።

ፊልትሮን በተመለከተ ባለሱቆች ራሳቸው ዋጋውን አቃልለው ያዩታል። ኢሉባቡር ዝናብ የሚበዛበት አገር ነው። በበርሜልና በጀሪካን የሚቀመጥ ናፍጣ ከርጥበቱ የተነሣ ውሃ ያቍራል፤ በመቅዳትና በመገልበጥ ጊዜም አቧራ ይገባበታል። ውሃ የኖዝሉንና የፖምፓውን ብረት ያዝገዋል፤ አቧራው ደግሞ እንደ አሸዋ ወረቀት ይፍቀዋል። ይህ ሁሉ የሚከለከለው በወረቀት በተሠራች ርካሽ ዕቃ ነው። በዓመት ሁለት ፊልትሮ ቆጥቦ ፖምፓ ያስጠገነ ሰው ሒሳቡን ቢያደርግ ያፍራል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የማንን ሥራ ይገዛል የሚል ነው። በሱቅ ውስጥ «ኦሪጅናል» የሚለው ቃል ለሁሉም ስለሚሰጥ ትርጉሙን ወደ ማጣት ደርሷል። በመሠረቱ ሦስት ዐይነት ዕቃ አለ። የመጀመሪያው በመኪናው ፋብሪካ ስም በታሸገ ካርቶን የሚሸጠው ነው። ሁለተኛው ለመኪናው ፋብሪካ ዕቃውን የሚሠራው ድርጅት፣ እንደ ዴንሶና እንደ ቦሽ ያለው፣ በራሱ ካርቶን የሚሸጠው ነው፤ ይህ ብዙ ጊዜ ያው ዕቃ ሆኖ ሳለ ዋጋው ይቀንሳል። ሦስተኛው ሌሎች ፋብሪካዎች በዚያው ልክ ሠርተው በራሳቸው ስም የሚሸጡት ሲሆን፣ ከነዚህም ውስጥ ጥሩም አለ፣ መጥፎም አለ። በሌላ ስም ካርቶን ታትሞለት የሚመጣው የሐሰት ዕቃ ግን አራተኛ ዐይነት ተብሎ የሚቆጠር አይደለም፤ ስርቆት ነው። ኅብረቱ ከሁለተኛው ዐይነት ቢገዛ ገንዘቡና ጥራቱ ይመጣጠኑለታል። የሦስተኛውን ዐይነት ለመግዛት ከፈለገ አስቀድሞ ጥቂት አስመጥቶ ለአንድ ወቅት በሁለት መኪና ላይ ይፈትን። በመርካቶ በሱማሌ ተራና በሌላውም የመለዋወጫ ገበያ አንድን ዕቃ ከሦስት ሻጭ ዘንድ ሳይጠይቁ መግዛት ልማድ መሆን የለበትም፤ ከሌሎቹ እጅግ የረከሰው ዋጋም ደስ ሊያሰኝ ሳይሆን ሊያጠራጥር ይገባል።

ስለ ገንዘቡ አሰባሰብ፣ የተዋጣው ብር በአንድ ሰው ኪስ ወይም በአንድ ሰው የግል ሒሳብ ውስጥ እንዳይቀመጥ ያስፈልጋል። ይህ የሚባለው ሰውየው ስላልታመነ አይደለም። ሰው ይታመማል፣ ይሞታል፣ ዕዳም ይኖርበታል፤ የኅብረቱ ገንዘብ ከግል ገንዘቡ ጋር ከተደባለቀ ወራሽና ባለ ዕዳ የሚያውቁት በስሙ ያለውን ብቻ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ተፈራርመው ብቻ የሚያወጡበት የባንክ ሒሳብ ይከፈት፤ እያንዳንዱም አባል ያስገባበትን ደረሰኝ ይያዝ።

ዋጋ የሚለዋወጥ መሆኑም ከመጀመሪያው መታሰብ አለበት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ፣ ከዚያ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፎ ነበር። በሰኔ ወር ዋጋ ጠይቆ ገንዘቡን እስከ ነሐሴ ሲሰበስብ የቆየ ኅብረት በዚያ ዓመት ምን እንደሚገጥመው መገመት አያዳግትም። ስለዚህ የሻጩ የዋጋ ማቅረቢያ ለስንት ቀን እንደሚጸና ተጽፎ መያዝ፣ የመዋጫውም ጊዜ ከዚያ ቀን በፊት ማለቅ አለበት። ዋጋው ከተጨመረ እስከ ስንት በመቶ ድረስ ተላኪው ሳይጠይቅ እንዲገዛ፣ ከዚያ ካለፈ ግን ተመልሶ አባሎቹን እንዲጠይቅ በውሉ ላይ ቢወሰን፣ ተላኪውም ከሐሜት ይድናል።

በኅብረት የሚገዙት ሰዎች እየበዙ ሄደው አንድ ፈቃድ ያለው አስመጪ በስማቸው ከውጭ አገር እንዲያስመጣላቸው ያደረጉ እንደ ሆነ፣ ስለ ሌተር ኦፍ ክሬዲት አንድ ነገር ማወቅ አለባቸው። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 600 በ5ኛው አንቀጹ ባንኮች የሚመለከቱት ሰነድን እንጂ ዕቃን እንዳልሆነ ይደነግጋል። ይኸውም ሰነዱ ትክክል ሆኖ ከቀረበ፣ በካርቶኑ ውስጥ ያለው ኖዝል የሌላ ሞተር ቢሆንም ባንኩ ይከፍላል ማለት ነው። የዕቃው ቁጥር አንድ በአንድ በፕሮፎርማው ላይ ካልሰፈረ፣ ኋላ «እኛ ያዘዝነው ይህን አይደለም» ብሎ ለመከራከር እንኳ መነሻ አይኖርም።

ስለ ሕጉ ብዙ ማስፋት አያስፈልግም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ የእሽሙር ማኅበር የሚባለውን ዐይነት ሽርክና ያውቃል፤ ይህ ማኅበር በመዝገብ የማይገባ፣ የሕግ ሰውነት የሌለው፣ በአባሎቹ መካከል በሚደረግ ውል ብቻ የሚኖር ነው። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግም ይህን ዐይነት ማኅበር አልሰረዘውም። ለአንድ ወቅት ብቻ ለሚደረግ ግዥ የሚመቸው ይኸው ነው፤ ነገር ግን ከሻጩ ጋር በስሙ የተዋዋለው ሰው በሻጩ ዘንድ ባለ ዕዳ ሆኖ የሚቆጠር መሆኑ መታወቅ አለበት። በየዓመቱ ለመቀጠል የሚፈልጉ ሰዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር ለማቋቋም ሊያስቡ ይችላሉ። ቡና አምራቾች በ1991 ዓ.ም. የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየንን አቋቁመው በኅብረት መሸጥን ለምደዋል፤ ያንኑ ቡና የሚያጓጕዙት ሰዎች በኅብረት መግዛት የሚያቅታቸው ነገር አይደለም።

ከሕጉ ይልቅ ብዙውን ሰው የሚያሰናክለው ደረሰኝ ነው። አንድ ሰው በስሙ 120 ፊልትሮ ገዝቶ አንድ ደረሰኝ ቢይዝ፣ የቀሩት 11 ሰዎች ወጪያቸውን ለግብር የሚያስረዱበት ወረቀት የላቸውም። ገዢውም ዕቃውን ሲያከፋፍልና ብር ሲቀበል፣ ግብር አስከፋዩ ይህ ሽያጭ ነው ሊለው ይችላል። ሻጩ በእያንዳንዱ አባል ስምና የግብር ከፋይ ቁጥር ደረሰኝ ቆርጦ እንዲሰጥ ከዋጋው ጋር አብሮ መነጋገር ይገባል፤ ዋጋው ላይ ከተስማሙ በኋላ 12 ደረሰኝ የሚጠየቅ ሻጭ ፊቱን ያጠቍራል።

አሁን ዕቃው ያዮ ደረሰ ይባል። የርክክቡ ቀን ነው የኅብረቱ ፈተና የሚሆነው። ካርቶኖቹ ሁሉም በተገኙበት ወይም ቢያንስ በሦስት ምስክሮች ፊት ይከፈቱ፤ ቁጥሩ ከዝርዝሩ ጋር ይመሳከር፤ ኖዝሎቹ ከመከፋፈላቸው በፊት ከየዐይነቱ ጥቂቱ በመሞከሪያው ላይ ይረጩ። ለአንድ ሞተር የሚሆኑት ኖዝሎች ከአንድ እሽግ እንዲወጡ ይደረግ፤ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ላይ ሁለት አዲስና ሁለት አሮጌ ማስገባት ሞተሩን ያንቀጠቅጠዋል።

በዚህ ቀን፣ ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ፣ ከ120ዎቹ ፊልትሮዎች 20ዎቹ የማይገጥሙ ሆነው ተገኙ ይባል። ኪሳራው የማን ነው? 20ዎቹ የደረሷቸው ሁለት አባሎች ብቻቸውን ይሸከሙ ቢባል፣ በሚመጣው ዓመት ማንም ዕጣው ለእኔ ይወጣ ይሆናል ብሎ ስለሚፈራ ኅብረቱ ይፈርሳል። ሁሉም ይካፈለው ቢባል፣ 117,600 ብር ለ100 ፊልትሮ ሲካፈል አንዱ 1,176 ብር ይሆናል፤ ይህ ለብቻ ከተገዛበት ከ1,600 ብር አሁንም ያነሰ ነው። ነገር ግን ቁጥሩን በጥንቃቄ ጽፎ የሰጠ ሰው ሳይጽፍ ስለ ቀረ ሰው ለምን ይከፍላል? ትክክለኛው አፈራረድ ጥፋቱን ከምንጩ መለየት ነው። አባሉ የጻፈው ቁጥር ስሕተት ሆኖ ዕቃው በተጻፈው ቁጥር መሠረት የመጣ እንደ ሆነ ኪሳራው የጻፈው ሰው ነው። ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ዕቃው ሌላ ወይም ብልሹ ሆኖ ከተገኘ፣ ከሻጩ የሚመለሰው ተመልሶ የቀረው የሁሉም ነው። ቀደም ሲል የተነገረው ፎቶግራፍ የሚያስፈልገውም ለዚህ ቀን ነው። ይህ ፍርድ ዕቃው ከመጣ በኋላ የሚፈለግ ሳይሆን ገንዘቡ ከመዋጣቱ በፊት ተጽፎ የተፈረመበት መሆን አለበት፤ ኪሳራው የማን እንደሚሆን ባልታወቀበት ሰዓት ሰው በቅንነት ይፈርማል።

ባለሱቆች የኅብረት ግዥን እንጀራቸውን እንደሚወስድባቸው ነገር አድርገው ቢመለከቱት አያስደንቅም። የመኪና ባለቤቶች ሱቁን ዘለው ከአዲስ አበባ ቢያስመጡ፣ በመጀመሪያው ዓመት ያተርፋሉ። ከዚያ በኋላ ግን የያዮ ወይም የሁሩሙ ባለሱቅ ገዢ ስላጣ ዕቃውን ማስመጣት ይተዋል፤ በጥር ወር አንድ ፊልትሮ በድንገት የሚያስፈልገው ሰውም መደርደሪያውን ባዶ ያገኘዋል። ባለሱቁ ራሱ የኅብረቱ አባል ቢሆን፣ ዕቃውን የሚያስቀምጠው፣ መዝገቡን የሚይዘውና የተረፈውን የሚሸጠው እሱ ቢሆን፣ ለድካሙም ከዕቃው ዋጋ የተወሰነ ድርሻ ቢታሰብለት፣ ሁለቱም ወገን ይጠቀማል። የንግድ ፈቃድና ደረሰኝ ያለውም እሱ ነው።

የጊዜው አቈጣጠር ከመከሩ ይነሣል። በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበውን የያዮን የቡና ደን ጨምሮ በአካባቢው ቡና የሚለቀመው ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ስለ ሆነ፣ መኪኖቹ ከዚያ በፊት ተጠግነው መጠበቅ አለባቸው። ጥንት በጋምቤላ በኩል በባሮ ወንዝ ከሱዳን ጋር ይነግዱ የነበሩት የጎሬ ነጋዴዎች የእንፋሎት መርከብ የሚያገኙት ወንዙ በሚሞላበት በክረምት ወራት ብቻ ስለ ነበረ፣ ዕቃ የሚያዙት ከወቅቱ ቀድመው አስበው ነበር። ዛሬ አስፋልት አለ፣ ስልክም አለ፤ ይሁን እንጂ ዝርዝሩ በሰኔ ተጽፎ፣ ገንዘቡ በሐምሌ ገብቶ፣ ዕቃው በነሐሴ መጨረሻ ካልደረሰ፣ በጥቅምት የሚደረገው ግዥ እንደ ገና የአንድ ሰው ጉዞ በ6,000 ብር ይሆናል። ከርክክቡ በኋላ የተረፉት ፊልትሮዎች፣ የማን ድርሻ እንደ ሆኑ በመዝገብ ተጽፎ፣ በባለሱቁ ዘንድ በደረቅ ስፍራ ከነካርቶናቸው ይቀመጡ፤ ካርቶኑ የተከፈተ ፊልትሮ ግን ርጥበት ስለሚገባው ለሚቀጥለው ወቅት አይታሰብ።